ምዕራፍ ሰባት፦ አሮጌ ፍርድ ይዞ ድንበር መሻገር

ፓናጊስ ቫርቴላስ በ1979 በተማሪ ቪዛ ከግሪክ አሜሪካ ገባ። በአሥረኛው ዓመት ግሪን ካርድ አገኘ፤ ቀጥሎም ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የመኪና ቦዲ የሚጠግን ጋራዥ ከፈተ። ከሸሪኮቹ አንዱ በፎቶ ኮፒ ማሽን ሐሰተኛ የመንገደኛ ቼክ ማባዛት ሲጀምር፣ ቫርቴላስ በሉሁ ላይ የታተሙትን ቼኮች ለመነጣጠል አገዘው። አልሸጠም፤ ሳንቲምም አላገኘበትም። ያም ሆኖ ተባባሪ ነበርና በ1994 ጥፋቱን አምኖ አራት ወር ተፈረደበት። በጃንዋሪ 2003 ወላጆቹን ለመጠየቅ ግሪክ ሄዶ፣ አንድ ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ፣ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ያንን ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን ፍርድ አየና ያዘው። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

ጣጣው የመጣው ከመመለሱ ነው። መነሻው በሴፕቴምበር 1996 ፕሬዝዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለአጭር ጊዜ፣ ለበጎ ጉዳይ ወጣ ብሎ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ አይቆጠርም ነበር። ይህን ያጸናው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 የሰጠው ውሳኔ ሲሆን፣ ባለጉዳዩም ጆርጅ ፍሉቲ የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበር፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሜክሲኮዋ ኤንሴናዳ ብቅ ብሎ በመመለሱ ነው ያ ሁሉ ክርክር የተነሣው። የ1996ቱ ሕግ ግን የተወሰኑ ወንጀሎችን የፈጸመ ባለ ግሪን ካርድ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ፣ ጉዞው የአንድ ቀንም ይሁን የወራት፣ «ልግባ» ብሎ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ይታይ አለ። ቫርቴላስ ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በማርች 2012 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ረታ። ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ የጻፉት ውሳኔ፣ ሰውየው ጥፋቱን ሲያምን ያልነበረ ሕግ ኋላ መጥቶ አዲስ ጉዳት ሊጨምርበት አይገባም የሚል ነው። ደስ የሚል ውሳኔ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ሕግ በፊት ጥፋተኛ የተባለን ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተፈረደበት ሕጉ እንዳለ አለ።

ሕጉ እንዴት እንደሚጠመዘዝ ለማየት አንድ ሰው በምናባችን ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ እናኑር። ግሪን ካርድ ይዞ በገባ በስምንተኛው ዓመት፣ በ2016፣ ከገበያ አዳራሽ የ250 ዶላር ጃኬት ሳይከፍል ይዞ ሲወጣ ተያዘ። ቨርጂንያ እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅን ከባድ ስርቆት ትለው ነበር፤ የቅጣቱ ጣሪያም ሃያ ዓመት እስራት ነው። (መነሻው ኋላ 500፣ በ2020 ደግሞ 1,000 ዶላር ሆኗል።) ዳኛው የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አይተው ሠላሳ ቀን ፈረዱና በገደብ አሰናበቱት። አንድ ሌሊትም አልታሰረም።

ይህ ሰው ቤቱ ከተቀመጠ ማንም ከአገር አያስወጣውም። ሕጉ ለማባረር የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነውረኛ ወንጀል ከገባ በአምስት ዓመት ውስጥ መፈጸሙን፣ አለዚያም በየትኛውም ጊዜ ሁለት ጊዜ መፈጸሙን ነው። ወደ አገር የሚገባን ሰው የሚመለከተው አንቀጽ ግን የዓመት ገደብ የለውም፤ አንድ ወንጀል ይበቃዋል። ማምለጫው ለቀላል ወንጀል የተተወው ልዩ ሁኔታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወንጀሉ ሊያስቀጣ የሚችለው ጣሪያ ከአንድ ዓመት፣ የተፈረደው ቅጣትም ከስድስት ወር መብለጥ የለበትም። የጃኬቱ ሰውዬ ሁለተኛውን ያልፋል፤ በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ጣሪያው ሃያ ዓመት ነዋ! የ190 ዶላር ሹራብ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው አሥራ ሁለት ወር ስለሚሆን ያለ ጭንቅ ይመለስ ነበር።

አዲስ አበባ ያሉ እናቱ አረፉ ተብሎ ይደወልለታል እንበል። ለቅሶ የማይቀርበት ነው። ወዳጅ ዘመድ ትኬቱን በአንድ ሌሊት ያዋጣል፤ የጃኬቱን ነገር የሚያነሣ የለም፤ ራሱም ረስቶታል። አርባውን አውጥቶ ሲመለስ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኮምፒዩተሩ አልረሳም። ወደ ሁለተኛ ምርመራ ክፍል ይወሰዳል። አንዳንዱ ግሪን ካርዱ ተይዞ፣ የፍርድ ቤት ሰነዱን ይዞ በሌላ ቀን እንዲቀርብ ቀጠሮ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ይቀበላል። አንዳንዱም እዚያው ይታሰራል፤ ገና እንደሚገባ የተቆጠረን ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ዳኛ በዋስ የመልቀቅ ሥልጣን የለውም። በዚያ ድካም ላይ ግሪን ካርድን በፈቃድ የመተው ቅጽ ፊቱ ሊቀርብለት ይችላል። መፈረም ግዴታው አይደለም፤ ጉዳዩን ዳኛ እንዲያይለት መብት አለው። ዳኛው ፊትም ቢሆን ሁሉም በር አልተዘጋም፦ ግሪን ካርዱ አምስት ዓመት የሞላው፣ በሕጋዊ መንገድ ከገባ በኋላ ወንጀሉን እስከፈጸመበት ቀን ድረስ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ከመባረር እንዲተርፍ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። የኛ ሰውዬ ስምንተኛው ዓመት ላይ ስለነበር ይደርስበታል። ጃኬቱን በስድስተኛው ዓመት ወስዶት ቢሆን ይህኛው በር አይከፈትለትም ነበር።

እኔ ይህን አንቀጽ ልከላከለው አልችልም። ሰውየው ለአሜሪካ አደገኛ ከሆነ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦም አደገኛ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ እናቱን መቅበሩ አደገኛ አያደርገውም። ሕጉ ግን እንዲህ ነው የተጻፈው፤ መጽሐፌም ስለ ሕጉ እንጂ ስለ ምኞቴ አይደለም።

የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል፤ ለቀላል ወንጀል የተተወው ማምለጫ እዚህ አይሠራም። ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ መጠቀሚያ ይዞ አንድ ጊዜ የተቀጣ ባለ ግሪን ካርድ አገር ውስጥ እስካለ ድረስ በዚያ አይባረርም። ወጥቶ ሲመለስ ያው ማሪዋና መግቢያ ይከለክለዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2015፣ ቨርጂንያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ አዋቂ ሰው ጥቂት ማሪዋና ቢይዝ አይቀጡም፤ ድንበሩ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ዛሬም ወንጀል ነው። ፍርድ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፦ ሕጉ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን ድርጊቱን መፈጸሙን ያመነንም ይከለክላል። መኪናው ላይ የማሪዋና ሱቅ አርማ ለጥፎ ከካናዳ የሚመለስ ወጣት በወሬ መካከል የሚሰጣት መልስ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለባትም።

ጫት ደግሞ የራሳችን ጣጣ ነው። አወዳይ ላይ በአደባባይ የሚሸጥ፣ ለኢትዮጵያ ዶላር የሚያመጣ ቅጠል ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ቅጠሉ በስሙ አልሰፈረም፤ በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ግን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ተቀምጧል። ጫቱ ሲደርቅ ካቲኖኑ እየቀነሰ ካቲን የሚባለው ደካማው ይቀራል፤ እሱም አራተኛው መደብ ውስጥ ነው። በ2006 የበጋ ወራት በአሜሪካ በአንድ የጫት ዘመቻ ብቻ 44 ሰዎች ተከሰዋል። ብሪታንያም እስከ ጁን 2014 ድረስ በግልጽ ስታስገባው ቆይታ ከለከለችው። አጎቱ ድሬዳዋ ላይ በየቀኑ የሚቅመውን ቅጠል በሻንጣ ይዞ የተቀጣ ልጅ፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን የዕፅ ወንጀለኛ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሣው መልስ አለው፦ «የኔ ተዘግቷል፤ ሪከርዴ ጸድቷል።» ዳኛው ፍርዱን አንጠልጥለው ፕሮቤሽን ሰጥተውታል፣ እሱም ጨርሷል፣ መዝገቡም ተሰርዟል። ለሥራ ቅጥርና ለቤት ኪራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የ1996ቱ ሕግ ግን ለኢሚግሬሽን ጉዳይ «ጥፋተኛ» ማለትን በራሱ መንገድ ተረጎመው፦ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት በቂ ነው። በ1999 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ የመጣለት ጉዳይ የዚህ ዓይነት ነበር፤ አይዳሆ ውስጥ በማሪዋና የተከሰሰ ሰው ጥፋቱን አምኖ ፕሮቤሽን ተሰጠው፤ በኋላም ጉዳዩ በክልሉ ሕግ ተዘጋለት። ቦርዱ፣ ሰውየው በመታረሙ የሚሰጥ ስረዛ ለእኛ አይቆጠርም አለ። የሚቆጠረው ፍርዱ ራሱ ከመነሻው ጉድለት ኖሮበት ሲሻር ነው።

በገደብ የታለፈ እስራትም እንደ እስራት ይቆጠራል። ስርቆት ላይ አሥራ ሁለት ወር ተፈርዶ ሙሉው በገደብ ቢታለፍ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ወንጀሎች ተራ ይገባል፤ ዳኛው 364 ቀን ቢሉ አይገባም። ሁለቱም ሰዎች ከችሎት ወጥተው ቤታቸው እራት በልተዋል። ያቺ አንዷ ቀን ያላትን ዋጋ የሚያውቅ ተከላካይ ጠበቃ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ሆዜ ፓዲያ አላገኘም። የሆንዱራስ ተወላጅ፣ ከአርባ ዓመት በላይ አሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ማሪዋና ጭኖ ኬንታኪ ውስጥ ሲያዝ ጠበቃው ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ የኢሚግሬሽን ነገር አያስጨንቅህ አለውና ጥፋቱን አመነ። መባረር መጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2010 ጠበቃ ደንበኛው ሊባረር እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይህ ግዴታ ወደ ኋላ ተመልሶ ለቀድሞ ፍርዶች አይሠራም አለ። ስለዚህ ከ2010 በፊት «ፈርምና ውጣ» የተባሉት አሁንም ያንን ፊርማ ይዘው ይጓዛሉ።

እስካሁን ያወራነው አሜሪካ ውስጥ ስለተፈረደ ፍርድ ነው። ከአዲስ አበባ ቪዛ የሚጠይቀውስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ (ቁጥሩ ከአሜሪካው ጋር መግጠሙ የዘመን አቆጣጠር ቀልድ ነው) መሰየም የሚባል ሥርዓት አለው። ጽኑ እስራት የጨረሰ አምስት ዓመት፣ ቀለል ያለ ቅጣት የጨረሰ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ይሰየማል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ወደፊትም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ በአሮጌ ፍርዱ የሚሰድበው ሰው እንኳ ይጠየቃል። በየእንቁጣጣሹ በይቅርታ የሚፈቱ አሉ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅም አለ።

የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ዲኤስ-160 ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። ጥያቄው በይቅርታ፣ በምሕረት ወይም በመሰል መንገድ ያለቀም ቢሆን ታስረህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ ወይ ነው። መታሰር ብቻውን ይጠየቃል፤ ክስ ባይከተልም። ደንቡ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ወይም የክልል ገዥ የሰጡትን ሙሉ ይቅርታ ለነውረኛ ወንጀሎች ሲቀበል፣ የውጭ መንግሥት የሰጠውን ይቅርታ፣ ምሕረትም ሆነ የመዝገብ ስረዛ አይቀበልም። ቅሬታ ቢያስነሣም አሠራሩ ሊገባን የሚችል ነው፤ ይቅርታ የሰጠው መንግሥት የተናገረው ስለ ራሱ ቂም ብቻ ነው። ሌላው አገር ያንን ፍርድ አንሥቶ በራሱ ሕግ እንደገና ያነበዋል።

እንደገና መነበቡ አንዳንዴ ለአመልካቹ ይጠቅማል። ንጹሕ ፖለቲካዊ የሆነ ወንጀል ከክልከላው ውጭ ነው፤ በተፈበረከ ክስ ወይም አንድን ወገን ለማፈን በወጣ እርምጃ የተሰጠ ፍርድም በዚሁ ዓይን ይታያል። በጽሑፉ ምክንያት ታስሮ የነበረ ጋዜጠኛ የሚጎዳው እስሩን በመናገሩ ሳይሆን በመደበቁ ነው። በቅጹ ላይ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው፣ የደበቀው ነገር ለቪዛው ወሳኝ ከሆነ፣ ውሸቱ ራሱ የዕድሜ ልክ ክልከላ ይሆንበታል። ወንጀሉ ቢበዛ ቪዛ ያስዘገይ የነበረን ሰው «አይ» የምትለው ቃል ትዘጋበታለች። «ማን ያውቃል ብለህ ነው፤ አይ በል» የሚል ምክር ከጉዳይ አስፈጻሚ ደጃፍ እስከ ለቅሶ ድንኳን ይሰማል። ከመጥፎ ምክሮች ሁሉ መጥፎው ይህ ነው።

እስራኤል ውስጥ በ2018 ፕሬዝዳንት ሬውቨን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ፣ በቀላል ጥፋት መዝገብ የተከፈተባቸው የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶች ስረዛ እንዲጠይቁ በር ከፍተው ነበር። ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ነው። ነገር ግን ከ2023 መጨረሻ ወዲህ እስራኤላውያን ያለ ቪዛ አሜሪካ የሚገቡበት ኤስታ የሚባለው ፈቃድ ስለ ዕፅ ሕግ ጥሰት ሲጠይቅ መዝገቡ ተሰርዟል ወይ አይልም።

ሌሎች አገሮች ሌላ መለኪያ አላቸው። ብሪታንያ በ1974 ባወጣችው ሕግ አሮጌ ፍርድ ዘመኑን ጨርሶ «ያለፈበት» እንዲባል አድርጋለች፤ ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ግን የኢሚግሬሽን ውሳኔን ከዚህ ሕግ አውጥታለች። አሥራ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን አመልካች፣ ምንም ያህል ዘመን ቢያልፍ፣ ቪዛ ትከለክላለች። ካናዳ የምታጠብቀው ጠጥቶ መንዳት ላይ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ክልሎች በቅጣት ገንዘብና በኮርስ የሚያልቀው ዲዩአይ ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ወዲህ በካናዳ ሕግ ጣሪያው አሥር ዓመት የሆነ ከባድ ወንጀል ነው። ቀድሞ አሥር ዓመት ሲያልፍ በራሱ ይቀር ነበር፤ አሁን ቅጣቱን ከጨረሰ አምስት ዓመት ጠብቆ መታረሙን ማመልከት ያስፈልጋል። የካናዳ ድንበር ሠራተኛ የኤፍቢአይን መዝገብ ያያል። ከሚኒሶታ ወይም ከኦሃዮ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን፣ ለሠርግ ቶሮንቶ የሚወጡትም፣ ይህን ድልድዩ ላይ ሆነው መስማት የለባቸውም። ጃፓን ደግሞ በዕፅ የተቀጣን ሰው፣ ቅጣቱ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ አላስገባም ትላለች። በ1994 ማራዶናን በኮኬይን ጉዳይ ቪዛ ስትከለክለው አርጀንቲና ጉዞዋን በሙሉ ሰረዘች። በ2002 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ግን በልዩ ፈቃድ አስገባችው፤ ጥብቅ ሕግ ሁሉ የጎን በር አለው።

የጎን በሩ የሚገኘው አንዳንዴ በአሮጌው ፍርድ ፊደላት ውስጥ ነው። ጆን ሌነን በ1968 ለንደን ውስጥ ቤቱ ተፈትሾ ሐሺሽ ተገኘበትና ጥፋቱን አምኖ 150 ፓውንድ ተቀጣ። በ1972 የኒክሰን መንግሥት በዚያች ቅጣት ሰበብ ከአሜሪካ ሊያባርረው ተነሣ፤ ያስቆጣው ፀረ ጦርነት እንቅስቃሴው እንደነበር ኋላ በሰነድ ታይቷል። በኦክቶበር 1975 የይግባኝ ዳኛው ኧርቪንግ ካውፍማን የመረመሩት ሌነን ቤት ምን እንደተገኘ አይደለም። የተቀጣበትን የእንግሊዝ ሕግ አነበቡ፤ ያ ሕግ ሰውየው ሐሺሽ እንዳለው ባያውቅም እንኳ የሚቀጣ ነበር። የአሜሪካው ክልከላ ግን ያወቀውን ነው የሚመለከተው። ሁለቱ አልገጠሙምና ሌነን በጁላይ 1976 ግሪን ካርዱን ተቀበለ።

ጠበቃ ዘንድ ሲኬድ «አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ» ማለት የማይበቃውም ለዚህ ነው። የሚያስፈልገው ክሱ ላይ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የእምነት ቃሉና የመጨረሻው ውሳኔ፣ ፍርድ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት ቅጂ ነው። የኤፍቢአይ መዝገብ በአሻራ ይጠየቃል፤ መታሰር ተጽፎ ውጤቱ ያልተሞላበት መዝገብ ብዙ ነው፤ ድንበር ላይ ያ ባዶ ቦታ ለተጓዡ አያደላም። ጠበቃውም የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የትራፊክ ቅጣት የሚከራከርላችሁ ወዳጃችሁ አይበቃም። ይህ ሁሉ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መሆን አለበት። ለጎብኚ ቪዛ የሚሰጥ ይቅርታም አለ፤ መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሰውየው ቢገባ የሚያደርሰው አደጋ፣ የጥፋቱ ክብደት፣ የሚሄድበት ምክንያት። ምክንያቱ የልጅ ምረቃም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውሳኔው ወራት ይፈጃል፤ ለለቅሶ አይደርስም።

የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው አሮጌ ፍርድ ስላለው ወደ አገሩ እንዳይመለስ አይከለከልም። ለባለ ግሪን ካርዱ የመጨረሻው መፍትሔ ይኸው ነው። ዜግነት ሲጠየቅ ግን አሻራ ይሰጣል፤ ያ አሮጌ መዝገብም ጠያቂው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ የሚያስባርር ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻው ራሱ መጥሪያ ያመጣል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጠበቃው የሚያነበው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ነው።